ሁለት አዲስ ጎማ ለፊት ወይስ ለኋላ? የሰበቃ ትምህርት ከዋግ ኽምራ መንገዶች

አንድ የሚኒባስ ባለንብረት አራቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አቅም ሲያጥረው ሁለት ብቻ ይገዛል። ጎሚስታው ዘንድ ሲደርስ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ «የቱ እግር ላይ ይታሰር?» አብዛኛው ሰው ብዙም ሳያመነታ «ከፊት» ብሎ ይመልሳል። ምክንያትም አያጣም። መሪው የሚያዝዘው የፊቱን እግር ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ የፊት ጎማ ቢፈነዳ መሪ ይነጥቃል ተብሎም ይፈራል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው መልስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አራት ጎማ ባለው አነስተኛ ተሽከርካሪ ላይ ከሁለቱ ጥንድ ጎማዎች የተሻለው ከኋላ መታሰር ይገባዋል። እንደ ሚሽሊን ያሉ ታላላቅ የጎማ አምራቾችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ «አምራቹ እንዲህ ብሏል» የሚለው ቃል ለሳይንስ ተማሪ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጉዳዩን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምንማረው የኒውተን ሕግ፣ በሰበቃና በክብ እንቅስቃሴ ስሌት ደረጃ በደረጃ እንመረምረዋለን። ለምሳሌነት የመረጥነው የዋግ ኽምራን መንገድ ነው።

የቦታው ጠባይ

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,260 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ዝቋላ ወይም ወደ ሰሃላ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ቆላ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ደግሞ ተራራ ለተራራ ሄዶ ኮረም ይደርስና በዝነኛው የግራካሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ ሜዳ ያቆለቁላል። በእንዲህ ያለ አገር ላይ ቀጥ ያለ መንገድ አጭር፣ ኩርባና ቁልቁለት ግን ብዙ ነው።

የዝናቡም ሁኔታ ልብ ሊባል ይገባዋል። የአካባቢው ክረምት አጭር ሲሆን ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይከማቻል። ረጅሙን የበጋ ወራት መንገዱ ደረቅ በመሆኑ ጥርሱ የተበላ ጎማ ጉድለቱን ሳያሳይ ይከርማል። ጉድለቱ የሚገለጠው ወሩን ሙሉ የተከማቸ አቧራና የዘይት ጠብታ ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጋር ተደባልቆ መንገዱን በሚያሙለጨልጭበት ጊዜ ነው። ለዚህ ነው የጎማው ጉዳይ ከግንቦት ሳያልፍ መታሰብ ያለበት።

ጎማና መሬት የሚገናኙበት ስፍራ

ክብደቱ 14,700 ኒውተን የሆነ፣ ማለትም 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ክብደቱ ለአራቱ ጎማዎች እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ 3,675 ኒውተን ይሸከማል። የጎማው ነፋስ ግፊት 220 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ክብደቱን ለግፊቱ ስናካፍል መሬት የሚነካው የጎማ ስፋት 167 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ከተዘረጋ የሰው እጅ ብዙም አይበልጥም። መኪናውን በኩርባ የሚያዞረው፣ በቁልቁለት የሚይዘውና በዳገት የሚገፋው ኃይል ሁሉ የሚያልፈው በእነዚህ አራት ትንንሽ ስፍራዎች ብቻ ነው።

በእያንዳንዱ ስፍራ ሊገኝ የሚችለው ትልቁ የሰበቃ ኃይል ጎማው የተሸከመው ክብደት በሰበቃ ቁጥር ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ይህን ቁጥር በተለመደው የግሪክ ፊደል ስም «ሙ» እንለዋለን። ቁጥሩ እንደ መንገዱ፣ እንደ ጎማውና እንደ እርጥበቱ ይለያያል። ለስሌታችን እንዲያመች ለደረቅ አስፋልት 0.7፣ ለእርጥብ አስፋልትና ለአዲስ ጎማ 0.5፣ ለእርጥብ አስፋልትና ጥርሱ ለተበላ ጎማ 0.3 ብለን እንውሰድ። እነዚህ ለትምህርት የተመረጡ ምሳሌዎች ቢሆኑም ከእውነታው የራቁ አይደሉም።

የጎማ ጥርስ ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው የጎማ ጥርስ መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ይመስለዋል። ለጭቃና ለልል ጠጠር ይህ በከፊል እውነት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጥርስ ለሰበቃ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የውድድር መኪናዎች በደረቅ ቀን ፈጽሞ ልሙጥ በሆነ ጎማ የሚሮጡት ለዚህ ነው። በአስፋልት ላይ የጥርስ ዋና ሥራ ውኃን ማስወገድ ነው።

የሥራውን ብዛት በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። መሬት የሚነካው የጎማ ወርድ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በአስፋልቱ ላይ የተኛው ውኃ ጥልቀት 2 ሚሊ ሜትር፣ የመኪናው ፍጥነት 20 ሜትር በሰከንድ (72 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ቢሆን፣ ሦስቱን ስናባዛ አንድ ጎማ በየሰከንዱ 6 ሊትር ውኃ ከፊቱ ማስወገድ ይኖርበታል። ይህ ውኃ የሚሸሽበት ቦይ ካላገኘ በጎማውና በመንገዱ መካከል ይገባል። አዲስ የአነስተኛ መኪና ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ቦይ ይዞ ይመጣል፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ በመንገድ ላይ ሊውል አይችልም።

ውኃው ጎማውን ፈጽሞ ከመሬት ሲያነሣው መኪናው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ናሳ የላንግሌይ ምርምር ማዕከል ዋልተር ሆርንና ባልደረቦቹ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የውኃው ጥልቀት ከጥርሱ ጥልቀት በሚበልጥበት ጊዜ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት የሚገምት ቀላል ቀመር አግኝተዋል። የጎማውን ግፊት በኪሎ ፓስካል ወስደን ስኩዌር ሩቱን በ6.35 ብናባዛ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጠናል። ለ220 ኪሎ ፓስካል 94 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል፤ ግፊቱ ወደ 150 ቢወርድ ግን 78 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሙሉ መንሳፈፍ የሚያሰጋው በሰቆጣ ኩርባዎች ሳይሆን መንገዱ ቀጥ በሚልበት በአላማጣና በቆቦ ሜዳ ነው። በኩርባዎቹ ላይ የሚያጋጥመው ከዚያ ያነሰው፣ ሰበቃው ከ0.5 ወደ 0.3 የሚወርድበት ሁኔታ ነው።

የትኛው እግር ቀድሞ ይንሸራተታል?

መኪናው ራዲየሱ «ራ» በሆነ ኩርባ በፍጥነት «ፍ» ሲዞር ወደ ኩርባው መሐል የሚስበው ኃይል ያስፈልገዋል። መጠኑ የመኪናው ግዝፈት በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለራዲየሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ይህን ኃይል የሚሰጡት የፊትና የኋላ እግሮች ተከፋፍለው ነው። እንዴት ይከፋፈሉታል?

የመኪናው የክብደት ማዕከል ወደ ፊት እግር ቀረብ ያለ ነው እንበል፤ ከክብደቱ 55 በመቶውን የፊት፣ 45 በመቶውን የኋላ እግር ይሸከማል። መኪናው ኩርባውን በእኩል ፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ በክብደት ማዕከሉ ዙሪያ ትርፍ የማዞር ውጤት እንዳይኖር፣ የጎን ኃይሉም በዚያው ምጣኔ መከፋፈል አለበት። ስለዚህ የፊት እግር የጎን ኃይሉን 55 በመቶ፣ የኋላ እግር 45 በመቶ ይሰጣል። ክብደት የበዛበት እግር ብዙ ሰበቃ አለው፤ የሚጠየቀውም ኃይል በዚያው ልክ ይበዛል። ሁለቱ ይጣፋሉ። የሚቀረው እጅግ ቀላል ነው፤

ፍ × ፍ = ሙ × ስ × ራ

«ስ» የመሬት ስበት ሽምጠጣ፣ ማለትም 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ቀመሩ ለእያንዳንዱ እግር ለየብቻ ይሠራል። ለ40 ሜትር ራዲየስ ስናሰላ በደረቅ አስፋልት 60፣ በእርጥብ አስፋልት ለአዲስ ጎማ 50፣ ለተበላ ጎማ 39 ኪሎ ሜትር በሰዓት እናገኛለን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የመኪናው ግዝፈት ከቀመሩ ጠፍቷል። «ከኋላ ተሳፋሪና ጭነት ስላለበት ጎማው መሬቱን ጠብቆ ይይዛል» የሚለው አባባል ለኩርባ አይሠራም፤ ጭነቱ የሚጨምረውን ሰበቃ ያው ጭነት መልሶ ይጠይቀዋል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ አዲስ ጎማዎች የትም ቢታሰሩ መኪናው በዚህ ኩርባ ላይ ያለ መንሸራተት ሊዞር የሚችልበት ወሰን በደካማው ጥንድ የሚወሰን ነው፤ እርሱም 39 ነው። ስለዚህ አዲሶቹን ፊት ማሰር ወሰኑን ከፍ አያደርገውም። የምንመርጠው ወሰኑ በታለፈ ጊዜ የሚሆነውን ነው።

ወሰኑ ሲታለፍ የሚሆነው

በመጀመሪያ ደካማዎቹ ፊት ናቸው እንበል። የፊት እግር የጎን ኃይሉን አሟልቶ መስጠት ሲያቅተው የኋላው ግን ይሰጣል። ከኋላ ያለው ኃይል መኪናውን በክብደት ማዕከሉ ዙሪያ የሚያዞረው ኩርባውን እንዲያቃና አድርጎ ነው። መኪናው ከታዘዘው ይልቅ ሰፋ ያለ ኩርባ ይይዛል፤ አፍንጫው ወደ ውጭ ያመልጣል። ሾፌሩ መሪውን አዙሮ መኪናው እንዳልታዘዘው ወዲያው ይሰማዋል። ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሣል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ክብደትም ወደ ፊት ይተላለፋል። ሁለቱም የፊቱን እግር ይረዱታል። የድንጋጤው እርምጃ ራሱ ችግሩን ያቃልለዋል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ደካማዎቹ ከኋላ ናቸው እንበል። የኋላው እግር ሲሸሽ የፊቱ ግን ይዞ ይቀራል። ፊት ላይ ያለው ኃይል መኪናውን ወደ ኩርባው ውስጥ ያሾረዋል። መኪናው ባሾረ ቁጥር ጎማዎቹ ከጉዟቸው አቅጣጫ ጋር የሚሠሩት ማዕዘን ይሰፋል፤ የፊቱ ወደ ውስጥ መጎተቱን ሲቀጥል፣ አስቀድሞ ወሰኑ ላይ የደረሰው የኋላው የሚጨምረው ኃይል የለውም። ሾፌሩ እንደ ቀድሞው ደንግጦ ነዳጁን ሲለቅ ወይም ፍሬን ሲይዝ ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ደካማው ይበልጥ ይደክማል። እዚህ የድንጋጤው እርምጃ ችግሩን ያባብሰዋል። መዳኛው መሪውን በትክክለኛው መጠን ወደ ተቃራኒው ማዞርና በትክክለኛው ጊዜ መመለስ ነው፤ ይህ ልምምድ የሚጠይቅ ጥበብ ሲሆን የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም።

የሁለቱ ልዩነት በፊዚክስ ቋንቋ የርጉና የኢርጉ ሚዛን ልዩነት ነው። ዱላ ከጫፉ ተንጠልጥሎ ቢገፋ ተወዛውዞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያው ዱላ በጣት ጫፍ ላይ ቆሞ ቢገፋ ግን መውደቁን ራሱ ያፋጥነዋል። የቀስት ላባም ከፊት ሳይሆን ከጭራው የሚታሰረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከኋላ ያለው የጎን ኃይል ቀስቱ አቅጣጫ በሳተ ቁጥር መልሶ ያቀናዋል። የመኪና የኋላ ጎማ ለመኪናው የቀስት ላባ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ቁልቁለትና የሞተር ፍሬን

እስከ አሁን መንገዱ ደልዳላ ነበር። አሁን ከኮረም ወደ አላማጣ ወይም ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ እንደሚወርድ መኪና እናስብ። መኪናችን 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 14.7 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ 50 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት በፍሬን ሸራ ላይ ማራገፍ አደገኛ በመሆኑ ልምድ ያለው ሾፌር በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ይዞ ይወርዳል። ልማዱ ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ሞተሩ የሚይዘው በሚያሽከረክረው እግር በኩል ብቻ መሆኑን መርሳት የለብንም። ቶዮታ ሃይስን በመሰሉ የኋላ እግራቸው በሚገፋ ሚኒባሶች ላይ የሞተሩ ፍሬን በሙሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ነው።

አንድ ጎማ ያለው ሰበቃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ለመያዣና ለመዞሪያ ይካፈለዋል። ክፍፍሉ የፓይታጎረስን ሕግ ይከተላል፤ የመያዣው ካሬና የመዞሪያው ካሬ ድምር ከጠቅላላው ካሬ ሊበልጥ አይችልም።

በ8 በመቶ ቁልቁለት ላይ መኪናችንን በእኩል ፍጥነት ለመያዝ 1,176 ኒውተን ያስፈልጋል (የአየርንና የጎማን ተቃውሞ ለጊዜው እንተው)። የእግሮቹ ርቀት 2.6 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 0.6 ሜትር ቢሆን ከኋላ ወደ ፊት የሚተላለፈው ክብደት 271 ኒውተን ነው። ስለዚህ የኋላው እግር የሚሸከመው 6,344 ኒውተን ይሆናል። ከኋላ የተበላ ጎማ ካለ ጠቅላላ ሰበቃው 1,903 ኒውተን ነው፤ ከዚህ ላይ 1,176ቱን ሞተሩ ሲወስድ ለመዞር የሚተርፈው 1,496 ነው። በ40 ሜትሩ ኩርባ ላይ የኋላው እግር ወሰን ከ39 ወደ 34 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወርዳል። አዲሶቹ ከኋላ ቢሆኑ ግን የኋላው ወሰን 48 ገደማ ሲሆን ቀድሞ የሚንሸራተተው የፊቱ ነው፤ እርሱም በ40 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሁኔታ አዲሶቹን ከኋላ ማሰር ወሰኑን በ6 ኪሎ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ ከታለፈም የሚከተለው የሚሻለው ዓይነት መንሸራተት ነው።

እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያለ የፊት እግሩ የሚጎትት መኪና ቢሆንስ? በዚያው ስሌት የተበሉት ፊት ሲሆኑ ወሰኑ 37፣ ከኋላ ሲሆኑ 38 ይመጣል። የአንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከታለፈ በኋላ በሚሆነው ነገር መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ «መኪናዬ በፊት እግሩ ስለሚጎትት አዲሱ ለፊት ነው» የሚለው ክርክር በእርጥብ ኩርባ ላይ አይጸናም።

በኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ነገሩን ይበልጥ ያከፋዋል። በዚያው ቁልቁለት መኪናው በየሰከንዱ 3 ሜትር በሰከንድ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ፍሬን ቢያዝ የሚተላለፈው ክብደት ወደ 1,309 ኒውተን ያድጋል። የኋላው እግር ከመጀመሪያው 6,615 ኒውተን ወደ 5,306 ይወርዳል፤ ማለትም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የሚጠየቀው የጎን ኃይል ግን አልቀነሰም። በጣራው ላይ ከፍ ያለ ጭነት ካለ የክብደት ማዕከሉ ስለሚነሣ ኪሳራው የባሰ ይሆናል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ፍሬንን ይመለከታል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ የበለጠውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች አይደሉምን? ናቸው። ስለዚህ ምክራችን ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን በቁጥር እናሳይ። በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ከክብደቱ 65 በመቶ ያህሉ ፊት ላይ ያርፋል። አዲሶቹ ፊት ቢሆኑ አማካይ የሰበቃ ቁጥሩ 0.43፣ መኪናው የሚቆምበት ርቀትም 23 ሜትር ይሆናል። አዲሶቹ ከኋላ ቢሆኑ ቁጥሩ 0.37፣ ርቀቱ 26.6 ሜትር ነው። ከ3 ሜትር ተኩል በላይ እናጣለን። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሾፌሩ ፍጥነቱን ከ50 ወደ 46 ዝቅ በማድረግ ብቻ መልሶ ያገኘዋል። የኋላው እግር ሲያሾር ለሚደርሰው ግን እንዲህ ያለ ቀላል ማካካሻ የለም።

ሁለተኛው የፊት ጎማ መፈንዳት ነው። ጎማ በአብዛኛው የሚፈነዳው በነፋስ ማነስ ከሚመጣ ሙቀት፣ በድንጋይ ከተጎዳ ጎን ወይም ከእርጅና የተነሣ ነው። ጎኑ ያበጠ፣ ሽቦው የታየ ወይም የተሰነጣጠቀ ጎማ ፊትም ኋላም መታሰር የለበትም። የምንነጋገረው ገና አገልግሎት መስጠት ስለሚችሉ፣ ጥርሳቸው ግን ስለተበላ ጎማዎች ነው።

ሦስተኛው «የፊቱ ጎማ ውኃውን ጠርጎ ስለሚሄድ የኋላው በደረቅ ላይ ይሄዳል» የሚል ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ ትንሽ እውነት አለው። በኩርባ ላይ ግን የኋላ ጎማ የሚሄደው በፊተኛው ዱካ ላይ ሳይሆን ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እንዲያውም የሾፌሩ እጅ መሪው ላይ ስለሆነ የፊቱ መላላት አስቀድሞ ይሰማዋል፤ የኋላው ግን ሳያስጠነቅቅ ይሸሻል።

ምክሩ የማይሠራበት

ከኋላ ጥንድ ጥንድ ጎማ ያላቸውን አይሱዙና ሌሎች የጭነት መኪናዎች ይህ ምክር አይመለከታቸውም። በእነርሱ ላይ የፊቱ ከባድ ሸክም በአንድ በአንድ ጎማ ላይ ሲያርፍ የኋላው ግን ተደጋጋፊ አለው። ለዚህም ነው የአሜሪካ ሕግ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የፊት ጎማ ከኋላው እጥፍ የሆነ የጥርስ ጥልቀት የሚጠይቀው። አራቱም እግሮቻቸው ዘወትር አብረው በሚገፉ መኪናዎች ላይ ደግሞ የጎማዎቹ ዙሪያ ልክ መለያየት የኃይል ማስተላለፊያውን ስለሚያደክም፣ የሚሻለው አራቱንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

ጥርሱን መለካት ቀላል ነው። የክብሪት እንጨት በቦዩ ውስጥ አቁመን በጥፍር ምልክት እናደርግና በማስመሪያ እንለካው፤ ከመሐሉም ከሁለቱ ዳርም ይለካ። በአራቱ ጎማዎች ላይ ያገኘነውን በሠንጠረዥ ብንጽፍ የትኛው ጥንድ ከኋላ መሆን እንዳለበት ወዲያው ይታያል። አዲስ ሳንገዛም ያሉንን በማቀያየር ብቻ ምክሩን መፈጸም እንችላለን።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ የተጻፈውን የአራት አኃዝ ቁጥር ያንብብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳያሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ነገር ግን ያረጀ ጎማ ላስቲኩ ደርቆ ሰበቃው ሊቀንስ ይችላል።

ነፋሱም ይታይ። አላማጣ ላይ የተነፋ ጎማ ሰቆጣ ሲደርስ በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ከ84 ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሚወርድ መለኪያው በ7 ኪሎ ፓስካል ከፍ ብሎ ያነባል። ነገር ግን አየሩ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት 10 ኪሎ ፓስካል ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሊጣፉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ስለዚህ በከፍታው ምክንያት ነፋስ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ መለካት ይበቃል።

በመጨረሻም፣ ጎማዎቹ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ከፊት ወደ ኋላ ቢቀያየሩ አራቱም እኩል ይበላሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ያኔ አይነሣም። ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ ግን አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ፤ ሾፌሩም አራቱ ጎማዎች እስኪተካከሉ ድረስ መኪናው ኩርባ የሚዞረው በደካማዎቹ ልክ መሆኑን አውቆ ፍጥነቱን ይቀንስ። ተማሪዎች ይህን ስሌት በየመንደራቸው ላሉ ሾፌሮችና ጎሚስታዎች ቢያስረዱ፣ ትምህርቱ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ በመንገድ ላይ የሰው ሕይወት ይጠብቃል።

መልመጃ

1. ራዲየሱ 25 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የሰበቃ ቁጥሩ 0.3 ቢሆን መኪናው ሳይንሸራተት ሊዞር የሚችልበት ትልቁ ፍጥነት ስንት ነው?

2. የነፋስ ግፊቱ 169 ኪሎ ፓስካል የሆነ ልሙጥ ጎማ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት በሆርን ቀመር ገምቱ።

3. በደልዳላ መንገድ ላይ የምሳሌያችን መኪና በ3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከኋላ ወደ ፊት የሚተላለፈው ክብደት 1,038 ኒውተን ነው። የመኪናው ጠቅላላ ግዝፈት ሳይለወጥ ዕቃው ጣራ ላይ በመጫኑ የክብደት ማዕከሉ ከ0.6 ወደ 0.8 ሜትር ከፍ ቢል ስንት ይሆናል? ይህ ለየትኛው እግር ያሰጋል? ለምን?

መልስ፦ 1. 31 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ። 2. 83 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ። 3. 1,385 ኒውተን ገደማ፤ ለኋላ እግር፣ ምክንያቱም ሸክሙ ሲቀንስለት ሰበቃው አብሮ ይቀንሳልና።